80 ወታደር ብቻ፦ የአሜሪካ መሥራቾች መደበኛ ጦርን ለምን ፈሩ?

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1784 የአሜሪካ ኮንግረስ ከእንግሊዝ ጋር የተዋጋውን ጦር በተነ። የቀረው 80 ወታደር ብቻ ነበር። 25ቱ ፎርት ፒት ላይ፣ 55ቱ ደግሞ ዌስት ፖይንትና ሌሎች መጋዘኖች ውስጥ ያለውን የጦር መሣሪያ እንዲጠብቁ ነው። ከሻምበል በላይ ማዕረግ ያለው መኮንን እንኳ እንዳይቀር ተወሰነ። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፦ በሰላም ጊዜ መደበኛ ጦር መያዝ ከሪፐብሊክ መንግሥት መርህ ጋር አይሄድም፤ ለነጻ ሕዝብም አደገኛ ነው።

ዛሬ ያው አገር ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር በሥራ ላይ አለው። ዓመታዊ የመከላከያ ወጪውም ወደ አንድ ትሪሊዮን ዶላር ተጠግቷል።

ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ተማሪዎች በተውነው ነበር። ግን በ2025 ጉዳዩ መንገድ ላይ ወጣ። በጁን ወር ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የካሊፎርኒያን ናሽናል ጋርድ (የስቴቱን ተጠባባቂ ጦር) የስቴቱ ገዥ እየተቃወሙ ወደ ሎስ አንጀለስ አሰማሩ። 700 ያህል ማሪኖችንም (የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮችን) ጨመሩ። በኦገስት ዋሽንግተን ዲሲ ተከተለች። ከዚያ የፖርትላንድና የቺካጎ ጉዳይ ፍርድ ቤት ገባ። የፖርትላንዱን ስምሪት ያገዱት ዳኛ ካሪን ኢመርገት፣ ትራምፕ ራሳቸው በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው የሾሟቸው ናቸው። በውሳኔያቸው ውስጥ ይህች አገር በሕገ መንግሥት እንጂ በወታደራዊ ሕግ የምትመራ አይደለችም የሚል ቃል አለ። ወታደር በሲቪል ጉዳይ እንዳይገባ የሚጠነቀቀው ልማድ ከአገሪቱ መሠረት ጋር የመጣ መሆኑንም ጠቅሰዋል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማነበው ይህን ነው። መሥራቾቹ የፈሩት አንድ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ የሚያዝበትን ጦር ነው። ያን ለመከላከል በሁለት ነገር ላይ ተማመኑ፤ በበጀትና በሚሊሻ። በጀቱ በጊዜ ብዛት የተለመደ ሥራ ሆነ። ሚሊሻው ደግሞ ቀስ በቀስ ያው የተፈራው ጦር አካል ሆነ። የዛሬው ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

መሥራቾቹ ራሳቸውን የእንግሊዝ ታሪክ ወራሾች አድርገው ነበር የሚያዩት። በዚያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በ1640ዎቹ ፓርላማው ንጉሡን ለመውጋት አዲስ ጦር አቋቋመ። ጦሩ ንጉሡን አሸነፈ። በ1653 ግን መሪው ኦሊቨር ክሮምዌል ወታደር ይዞ ገብቶ ፓርላማውን ራሱን በተነ። ትንሽ ቆይቶም አገሪቱ ወረዳ ወረዳ እየተከፈለች በጄኔራሎች ተገዛች። በኋላ ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ በሰላም ጊዜ ትልቅ ጦር ሲያደራጅ ሕዝቡ ያን አስታወሰ። እሱ ከዙፋኑ ከተወገደ በኋላ በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ በሰላም ጊዜ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ጦር ማደራጀት ሕገ ወጥ ነው አለ።

ለቦስተን ሰዎች ግን ትምህርቱ ከመጽሐፍ አልመጣም። በኦክቶበር 1768 የንጉሡ ወታደሮች ከመርከብ ወርደው ከተማዋ ውስጥ ሰፈሩ። የመጡት ከጠላት ሊከላከሉ አልነበረም። የቀረጥ ሕግ ለማስከበር ነው። ከተማዋ ትንሽ ነች፤ ወታደርና ነዋሪ በየመንገዱ ይጋፋል። የወታደሩ ደመወዝ አነስተኛ ስለነበር ከግዳጅ ውጭ የቀን ሥራ ይፈልጋል። በርካሽ ስለሚሠራም የከተማውን ወዛደር እንጀራ ይሻማል። በማርች 1770 መጀመሪያ በአንድ የገመድ መፍተያ ሥራ ፍለጋ በገባ ወታደርና በሠራተኞቹ መካከል ድብድብ ተነሣ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ማርች 5 ማታ፣ ሕዝብ የከበባቸው ወታደሮች ተኮሱ። አምስት ሰው ሞተ።

እዚህ ላይ የጆን አዳምስን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የነጻነቱ ትግል ሰው ሆኖ ሳለ ለተከሰሱት ወታደሮች ጥብቅና ቆመ። አዛዡ ነጻ ወጣ። ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱም ነጻ ወጡ፤ ሁለቱ በቀላል የነፍስ ማጥፋት ተፈረደባቸው። አዳምስ ግን ጥፋቱ የእያንዳንዱ ወታደር ሳይሆን ወታደርን በከተማ መሐል ያሰፈረው ፖሊሲ መሆኑን ያምን ነበር። ጦር ሕግ እንዲያስከብር ወደ ከተማ ሲላክ ሰላም ይመጣል ተብሎ የሚታሰበው ቀርቶ ጠብ ይወለዳል የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

በ1776ቱ የነጻነት አዋጅ ላይ በንጉሡ ላይ ከተዘረዘሩት ክሶች መካከል ይህ አለ፦ በሰላም ጊዜ ያለ ምክር ቤቶቻችን ፈቃድ መደበኛ ጦር አስቀምጦብናል። ቀጥሎም ወታደሩን ከሲቪሉ ሥልጣን ነጻና የበላይ አድርጎታል ይላል።

የራሳቸው ጦር ሲያስፈራቸው

ብዙ ሰው የመሥራቾቹን ስጋት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ብቻ ያያይዘዋል። በ1783 የሆነው ግን የበለጠ አስተማሪ ነው፤ ያን ዓመት ያስፈራቸው የገዛ ጦራቸው ነበር።

ጦርነቱ ሊያልቅ ነው። መኮንኖቹ ደመወዝ ካዩ ቆይተዋል። የኮንግረስ ካዝና ባዶ ነው። ኒውዮርክ ስቴት ኒውበርግ ላይ ሰፍሮ በነበረው ጦር ውስጥ አንድ ስሙ ያልተገለጸ ጽሑፍ ዞረ። ገንዘባችን ካልተከፈለን ትጥቅ አንፈታም የሚል ዛቻ ነበረው። ማርች 15 ቀን ጆርጅ ዋሽንግተን ሳይጠበቅ ስብሰባው ላይ ተገኘ። ተናገረ፣ ለመነ፣ ገሠጸ። እንደሚተረከው ከሆነ አንድ ደብዳቤ ሊያነብላቸው ሲል መነጽሩን አወጣ፤ በአገልግሎት ጸጉሬ ብቻ ሳይሆን ዓይኔም ደከመ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። መኮንኖቹ አለቀሱ፤ ሤራውም ከሸፈ። በዲሴምበር ዋሽንግተን አናፖሊስ ሄዶ ሥልጣኑን ለኮንግረስ መለሰ።

የኢትዮጵያን የ1966 ዓ.ም. አብዮት ለሚያውቅ ሰው የዚህ ክብደት ይገባዋል። በእኛም አገር ነገሩ የጀመረው በወታደሩ የደመወዝና የኑሮ አቤቱታ ነበር። ከጦር ኃይሎች፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተውጣጣው አስተባባሪ ኮሚቴ በወራት ውስጥ አገር ገዥ ሆነ፤ 17 ዓመት ቆየ። ዛሬ በአሜሪካ ያሉ ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የስደት ታሪክም ከዚያ ይነሣል።

ኒውበርግ በሰላም ቢያልፍም፣ በዚያው ዓመት ጁን ወር ሌላ ነገር ተፈጠረ። ደመወዝ ያልተከፈላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ፊላዴልፊያ ውስጥ ኮንግረሱ የሚሰበሰብበትን ሕንጻ ከበቡ። ኮንግረሱ የፔንስልቬንያን መሪዎች ሚሊሻ ጥሩልን ብሎ ጠየቀ። ፈቃደኛ አልሆኑም። የአገሪቱ ምክር ቤት ከተማውን ጥሎ ወደ ፕሪንስተን ሸሸ።

ይህ ቅሌት ትልቅ ውጤት ነበረው። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ፣ መንግሥት ለደህንነቱ በአንድ ስቴት በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም ተባለ። ስለዚህ የትኛውም ስቴት የማያዝበት፣ በኮንግረስ ሥር ያለ ልዩ የዋና ከተማ ወረዳ እንዲኖር ተደነገገ። ያ ወረዳ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዲሲ እስካሁን የራሷ ገዥ የላትም። ናሽናል ጋርዷን የሚያዘው ከንቲባዋ ሳትሆን ፕሬዚዳንቱ ነው። ወደ 700 ሺህ የሚጠጋው ነዋሪም በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም። በኦገስት 2025 ዩኒየን ስቴሽንና በየሜትሮ ጣቢያው ወታደር ያየ የእኛ ሰው ብዙ ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ወይም ወደ ሰሜን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ዘመዱ ግን አላየም። ልዩነቱን የፈጠረው ያ የ1783 ከበባ ነው። ሪፐብሊኩን ከጦር ለመጠበቅ ተብሎ የተሠራው ከተማ፣ ጦር ለማሰማራት ከሁሉም የቀለለ ከተማ ሆነ።

ሁለት ዓመት፣ ከዚያ በላይ አይሆንም

ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው የ1787ቱ ጉባኤ ማንም መደበኛ ጦርን ሲያወድስ አልተሰማም ማለት ይቻላል። ግን ሁሉም አንድ ሐሳብ አልነበረውም። የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ በሰላም ጊዜ ጦሩ ከሁለት ወይም ከሦስት ሺህ እንዳይበልጥ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ አለ። ጉባኤው ውድቅ አደረገበት። ጌሪ በመጨረሻ ሰነዱን ሳይፈርም ወጣ። ጄምስ ማዲሰን እዚያው ጉባኤ ላይ ከውጭ ጠላት ለመከላከል የተሠራ መሣሪያ ሁልጊዜ በአገር ውስጥ የጭቆና መሣሪያ እንደሚሆን አስጠንቅቋል። ግን ቁጥር መገደብን አልደገፈም። ቶማስ ጄፈርሰን ከፓሪስ ሆኖ ለማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ከመደበኛ ጦር የሚጠብቅ ግልጽ አንቀጽ አለመኖሩ እንዳላስደሰተው ነገረው። አሌክሳንደር ሃሚልተን በሌላው ጫፍ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ፣ በደቡብ ስፔን ተቀምጠዋል፤ ጦር እስኪመለመል ጠላት አይጠብቅም ባይ ነው።

ስምምነቱ በገንዘብ ላይ አረፈ። ኮንግረስ ጦር ማቋቋም ይችላል፤ ለዚያ የሚመድበው ገንዘብ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሊሆን አይችልም። ፕሬዚዳንቱ የጦሩ አዛዥ ነው፤ ጦርነት የሚያውጀውም ቀለብ የሚሰፍረውም ግን ኮንግረስ ነው። ሁለት ዓመት የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሥራ ዘመንም ያው ሁለት ዓመት ነው። ሃሚልተን ይህን በኒውዮርክ ጋዜጦች ሲከላከል፣ ተመራጮች ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ በመራጩ ፊት ቆመው ጦሩ ይኑር ወይስ አይኑር ብለው ድምፅ ለመስጠት ይገደዳሉ አለ። ለባሕር ኃይል ግን እንዲህ ያለ ገደብ አልተጻፈም። የጦር መርከብ የከተማ አደባባይ ላይ ሊወጣ አይችልማ።

ሁለተኛው መከላከያ ሚሊሻ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ዜጎች ያስታጥቃል፣ መኮንኖቻቸውን ይሾማል። ማዕከላዊው መንግሥት ሊጠራቸው የሚችለው ሕግ ለማስፈጸም፣ ዓመፅ ለማብረድና ወረራ ለመመከት ብቻ ነው። ማዲሰን በ1788 አንድ ስሌት ሠርቶ ነበር። አገሪቱ ልትሸከመው የምትችለው ትልቁ ጦር ቢበዛ 25 ወይም 30 ሺህ ነው፤ በፊቱ ግን ግማሽ ሚሊዮን ያህል የታጠቀ ዜጋ ይቆማል አለ። የዜጎች መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚመለከተው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያና፣ ወታደር በሰው ቤት እንዳይሰፍር የሚከለክለው ሦስተኛው ማሻሻያ በ1791 የጸደቁት በዚህ መንፈስ ነው።

ይህን ሚሊሻ ግን እንደ ንጹሕ የነጻነት ዘብ ብቻ ማየት ስህተት ነው። በደቡብ ስቴቶች የሚሊሻው አንዱ ዋና ሥራ ባሪያዎች እንዳያምፁ መቆጣጠር ነበር። በቨርጂኒያው የማጽደቂያ ጉባኤ ፓትሪክ ሄንሪ በሚሊሻው ላይ ያለው ሥልጣን ለኮንግረስ ከተሰጠ የባሪያ ዓመፅን ማን ያፍንልናል ሲል ተከራክሯል። ስለ ነጻነት በጻፉት ሰዎች ዘንድ ይህ ነበር፤ ሊሸፈን አይገባም።

በውጊያ ሜዳም ቢሆን ሚሊሻው ያሰቡትን ያህል አልሆነም። በኖቬምበር 1791 በጄኔራል ሴንት ክሌይር የተመራው፣ መደበኛ ወታደር፣ ለጥቂት ወር የተቀጠረ ሰውና ሚሊሻ የተደባለቀበት ኃይል በኦሃዮ ምድር በነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ተደመሰሰ። ከ600 በላይ ወታደር በአንድ ጠዋት አለቀ። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ የተሻለ የሠለጠነ ጦር ፈቀደ። ጄፈርሰን ራሱ ፕሬዚዳንት ሲሆን ጦሩን ቀነሰ፤ ግን በ1802 የዌስት ፖይንትን ወታደራዊ ትምህርት ቤት የመሠረተው እሱ ነው።

ሚሊሻው እንዴት ተለወጠ?

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ልማዱ አንድ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ጦሩ ያብጣል፤ ሲያልቅ ይበተናል። በ1939 የአሜሪካ ምድር ጦር ከ200 ሺህ በታች ነበር። ከ1945 በኋላ ቀዝቃዛው ጦርነት መጣ፤ ኮሪያ ተከተለች። መበተኑ ቀረ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1961 ሲሰናበቱ የግዙፍ ጦርና የትልቅ የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ ጥምረት ለአሜሪካ አዲስ ነገር መሆኑን አስጠነቀቁ። ይህን ያሉት የአምስት ኮከብ ጄኔራል ናቸው።

የበጀቱ ገደብ አልተሻረም። ኮንግረስ ዛሬም በየዓመቱ ድምፅ ይሰጣል። የመከላከያ ፈቃድ ሕጉ ከ1961 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳያልፍ ወጥቷል። ክርክሩ ግን ስንት ይጨመር የሚል ነው። ይህን ያህል ጦር ያስፈልገናል ወይ የሚለው የሃሚልተን ጥያቄ አይነሣም። የጦርነት ፈቃዱም እንዲሁ ነው። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በ2001 የወጣው አጭር የኃይል አጠቃቀም ፈቃድ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

የሚሊሻው ለውጥ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1903 የወጣ ሕግ የስቴቶችን ሚሊሻ ናሽናል ጋርድ አድርጎ በማዕከላዊ መንግሥት ገንዘብና ደረጃ አደራጀው። በ1933 እያንዳንዱ የጋርድ አባል የስቴቱም የአሜሪካ ጦርም አባል ሆኖ እንዲመዘገብ ተደረገ። በ1980ዎቹ አንዳንድ ገዥዎች ወታደሮቻችን ለሥልጠና ወደ መካከለኛው አሜሪካ አይሄዱም አሉ። ኮንግረስ የመከልከል ሥልጣናቸውን አጠበበው። የሚኒሶታው ገዥ ሩዲ ፐርፒች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 በሙሉ ድምፅ ለማዕከላዊው መንግሥት ፈረደ። ከዚያ በኋላ የናሽናል ጋርድ ወታደሮች ኢራቅና አፍጋኒስታን ድረስ ዘመቱ።

እንግዲህ መሥራቾቹ ለመደበኛው ጦር ማመጣጠኛ ያሉት ኃይል ዛሬ የመደበኛው ጦር ተጠባባቂ ነው። በ2025 ከገዥዎች ፈቃድ ውጭ ወደ ከተማ የተላከውም ይኸው ኃይል ነው።

ወታደር ወደ ከተማ መላክ ሁልጊዜ ስህተት ነው?

አይደለም። ይህን በቅንነት ማየት ያስፈልጋል። በ1957 የአርካንሳስ ገዥ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የስቴቱን ጋርድ አቆመባቸው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን አየር ወለድ ላኩ፤ ጋርዱንም ከገዥው እጅ ወሰዱት። እዚያ ላይ ሚሊሻው የጭቆና መሣሪያ ነበር። የተማሪዎቹን መብት ያስከበረው መደበኛው ጦር ነው። የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች ዛሬ የፌዴራል ሠራተኞችና ሕንጻዎች ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል ሲሉም ባዶ ክርክር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ሕግ ለማስፈጸም ሚሊሻ መጥራትን ይፈቅዳል። ዋሽንግተንም በ1794 በፔንስልቬንያ የውስኪ ቀረጥ ዓመፅ ሲነሣ ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሻ ሰብስቦ ራሱ በፈረስ ወጥቷል።

እንዴት እንደወጣ ግን እንይ። በ1792 የወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ሕግ ለማስፈጸም ሚሊሻ ከመጥራቱ በፊት አንድ የፌዴራል ዳኛ ሁኔታው ከተራ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አቅም በላይ ነው ብሎ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ዋሽንግተን ይህን ማረጋገጫ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ጄምስ ዊልሰን በጽሑፍ አገኘ። ከዚያ ዓመፀኞቹ ይበተኑ ዘንድ አዋጅ አወጣ። ለመደራደር መልእክተኞች ላከ። ጦሩ የተንቀሳቀሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የዳኛው ማረጋገጫ በ1795 ከሕጉ ወጣ። በ1807 ጄፈርሰን የፈረመው ሕግ ደግሞ መደበኛውን ጦር ጭምር ለአገር ውስጥ ዓመፅ መጠቀምን ፈቀደ። ዓመፅን የሚመለከተው የዛሬው ሕግ ከዚህ የወረደ ነው። በ1878 ጦሩ የፖሊስ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ የ1807ቱ ሕግ ግን ከዚያ ክልከላ ውጭ ነው። ሴፕቴምበር 2025 ዳኛ ቻርለስ ብሬየር የሎስ አንጀለሱ ስምሪት የ1878ቱን ሕግ ጥሷል ብለው ወሰኑ፤ መንግሥት ይግባኝ አለ። በዲሴምበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቺካጎ ጉዳይ የመንግሥትን አስቸኳይ ጥያቄ አልተቀበለም። እነዚህ ሁሉ ክርክሮች ግን በሌላ ሕግ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ የ1807ቱን ሕግ ቢጠቅሱ ዳኞች ምን ያህል ሊመረምሩት እንደሚችሉ ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ነው።

በኮንግረስ ይህን ሕግ ለማሻሻል ረቂቆች በተደጋጋሚ ቀርበዋል። ፕሬዚዳንቱ ጦር ካሰማሩ በኋላ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ የኮንግረስን ፈቃድ እንዲያገኙ፣ ፍርድ ቤትም ምክንያታቸውን እንዲመረምር የሚሉ ናቸው። አንዱም ሕግ ሆኖ አልወጣም። ለእኔ የ1792ቱ ሥርዓት ተመልሶ ቢመጣ ይበቃኛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትመርጡ አንባቢዎች ሴናተሮቻችሁንና የወረዳችሁን ተመራጭ በእነዚህ ረቂቆች ላይ የት እንደቆሙ ጠይቋቸው። ዲሲ ያላችሁት ግን በዚህ ጉዳይ የምትጠይቁት ሴናተር የላችሁም።